«ለምን?» የማይባልበት መስመር

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ ከማቀዝቀዣው አጠገብ ስለማይጠፉ «እትዬ በረዶ» የተባሉት ታላቅ እህታችን፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ጥር 4 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው የእናታቸውን አዝራሮች በቀለምና በቀዳዳ ብዛት ለይተው ያስቀምጡ ነበር። አንዷን አዝራር ያለ ቦታዋ ያስቀመጠ ወየውለት! ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው በተቆነጠጠ ጆሮው ምስክር ነው።

ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ተከታትለው በ1972 ዓ.ም. በላቦራቶሪ ሙያ ተመረቁ። ከዚያም በአንድ ሆስፒታል ለሠላሳ አራት ዓመት፣ ከሕመምተኛ የተወሰደ የዕጢ ቁራጭ በስሱ እየቆረጡ ለምርመራ ሲያዘጋጁ ኖሩ። በ1977 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሾፌሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ልጅ ወልደዋል።

በ2006 ዓ.ም. ብሔራዊ የካንሰር ናሙና ባንክ እንዲታቀድ ሲወሰን፣ ከአሥራ አንዱ የኮሚቴ አባላት ዶክተር ያልሆኑት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሐሳቡ ሕመምተኞች በፈቃዳቸው የሰጡት ዕጢና ደም በአንድ ቦታ በጥልቅ ቅዝቃዜ እንዲቀመጥና ተመራማሪዎች መድኃኒት እንዲፈልጉበት ነው። የስምምነት ቅጹን የማርቀቅ ሥራ ለእሳቸው ተሰጠ። እሳቸውም አንድ መስመር አስገቡ፦ «ናሙናውን የሰጠ ሰው ወይም ቤተሰቡ በፈለገ ጊዜ መልሶ መውሰድ ይችላል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም።» ኮሚቴው መስመሩን ያሳለፈው፣ ማን መጥቶ ይጠይቃል ብሎ ነው።

መጡ። በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ ዕቅዱን የሚያጸድቁት ባለሥልጣናት ሊጎበኙ አራት ቀን ሲቀር፣ ዳቦ ቤት የሚሠሩ አንዲት እናት ለባንኩ ሙከራ ናሙና የሚቀመጥበትን ክፍል በር አንኳኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ትናንት ዐርፋለች፤ ቀብሯ ነገ ነው። «ልጄን ሳትጎድል ልቅበራት» አሉ። የልጅቷ ዕጢ ደግሞ እጅግ ብርቅ ከመሆኑ የተነሣ ጉብኝቱ የተዘጋጀው እሱን ለማሳየት ነበር።

የኮሚቴው ሰብሳቢ በር ዘግተው ለመኑ፣ ተቆጡ፣ ጠረጴዛ መቱ። «ከጉብኝቱ በኋላ ይውሰዱ፤ አራት ቀን ምን አላት?» አሉ። ታናሽ ወንድማቸውም በስልክ «አንቺ ደግሞ ግትርነትሽ! የስንት ዓመት ልፋትሽን ገደል ልትከቺው ነው?» ብሎ ጮኸባቸው። እትዬ በረዶ ጓንት አጠለቁ። ናሙናውን አወጡ፣ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አመሳከሩ፣ እናትየዋን አስፈረሙ፣ የበረዶ ሳጥኑን ራሳቸው ተሸክመው እስከ ታክሲ ሸኟቸው። ለምን አላሏቸውም። ከዚያ ተመልሰው መታጠቢያ ክፍል ገቡና በሩን ቆልፈው አለቀሱ።

ጎብኚዎቹ ባዶ መደርደሪያ አይተው ሄዱ። ዕቅዱ ተንጠለጠለ፤ እሳቸውም መስኮት ወደሌለው መዝገብ ክፍል ተዛወሩ። በኮሪደር ሲያልፉ ሰላምታ የሚነፍጋቸው ብዙ ነበር። ወንድማቸውም በተገናኙ ቁጥር «እኔ ብዬሽ ነበር» ማለቱን አልተወም፤ ዛሬ ያፍርበታል።

በ2010 ዓ.ም.፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው፣ ዕቅዱ ዳግም ተነሣ። አዲሱ ሰብሳቢ ያንን መስመር ሊሰርዙ ብዕር ሲያነሡ፣ እትዬ በረዶ ከመዝገብ ክፍል ወጥተው ሳይጠሩ ስብሰባው ውስጥ ገቡ። «መስመሩ ከሌለ ሰው አያምነንም። እሱ ከወጣ የኔም ስም ይውጣ» ብለው ቁጭ አሉ። ክርክሩ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዘለቀ። መስመሩ አልወጣም። ባንኩ በ2013 ዓ.ም. ተከፈተ፤ እስካሁን አራት ሺህ ሰው ሰጥቷል፣ መልሱልኝ ያሉት ሰባት ናቸው።

በ2015 ዓ.ም. የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የባንኩ ቅጽ ሲቀርብላቸው፣ ራሳቸው የጻፉትን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንብበው አንድ የፊደል ግድፈት አረሙና ፈረሙ። ኅዳር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ አራት ዓመታቸው ዐረፉ።

ዛሬ ጠዋት ታናሽ ወንድማቸው ለማንም ሳይናገር ወደ ባንኩ ሄደ። እህቱን ሳትጎድል ሊቀብር ፈልጎ ነው። ባለሙያዋ ወንበር ሰጠችው፤ ቅጹንና እስክሪብቶውን አቀረበችለት። ለምን አላለችውም። እኚያ እናት ያን ቀን ምን ይዘው እንደመጡ፣ እህቱም ምን እንደሰጧቸው የገባው እዚያ ወንበር ላይ ነው። ብዙ ቆይቶ ቅጹን ሳይፈርም መለሰ። «ግድ የለም፣ በፈለጉ ጊዜ ይምጡ» አለችው።

ስለዚህ ዛሬ የምንሸኛቸው ጥፍር የምታህል ቁራጭ ጎድላቸው ነው። እሷ ሥራ ላይ ናት።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና እህት ወንድሞቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረት ይቀበል። ሰውን ለምን ሳይሉ እንደሰጡ፣ በደጁ ሲቆሙም ለምን መጣሽ የሚላቸው አይኑር።