«ረሱ» ይላል መጽሐፉ

መስከረም 19
ዝናቡ ዛሬም አለቀቀንም። ጉልበቴም እንደ ልማዱ... የጓሮ ክፍሌን የተከራየው ይልቃል፣ ያ ከአዲስ አበባ ወረታ ተመድቦ የመጣው የግብርና ሠራተኛ፣ ወፍራም መጽሐፍ አዋሰኝ። «እትዬ ሰርክ፣ እርስዎ የኖሩበት ዘመን ታሪክ ነው» አለኝ። ከንጉሡ ማብቂያ እስከ ደርግ መውደቂያ። የኖርሁበትን ደግሞ ምን ሊነግረኝ? ተቀበልሁት ግን። መነጽሬን ጠርጌ ስጀምር ሽሮው አረረ።

መስከረም 22
ሩዝ ወደኛ አገር ስለመጣበት ነገር አንድ መስመር እንኳ የለውም! «ይኸ የወፍ ቀለብ ነው» ብለን የሳቅንበት... ዛሬ ፎገራ ያለ ሩዝ ምን አላት? ስለ አዋጅና ስለ ስብሰባ ሲሆን ግን አይታክተውም።

መስከረም 26
መሠረተ ትምህርት ላይ ደረስሁ። ልቤ ደነገጠ፣ የሚያውቁትን ሰው መንገድ ላይ እንደማግኘት ነው። እንዲህ ይላል፦ «ከተማሩት አብዛኞቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፊደሉን ረሱ።»

ረሱ? ታዲያ ይኸን የምጽፈው ማን አስተምሮኝ ነው?

ከብት ታልቦ፣ እራት ተበልቶ፣ ዳሱ ውስጥ እንሰበሰብ ነበር። ጓደኛዬ አምሳል ከጎኔ። እኔ ከሷ እየሰረቅሁ ነበር የምጽፍ። «አምሳል ታንብብ» ሲባል ፊቷ ይበራል። ይልቃልን ጠርቼ ተቆጣሁት። «እኔ አልጻፍኩት፣ እትዬ» አለ። እውነቱን ነው።

ግን... አምሳል አታነብም። ስንት ዘመን ስታነብ አላየኋትም። ልጇ የኔነህ ከመተማ በስልክ የሚጽፍላትን ጎረቤት ነው ጮክ ብሎ የሚያነብላት፤ መንደሯ ቁሐር ሚካኤል በሙሉ ይሰማል። እንግዲያ መጽሐፉ ልክ ሊሆን ነው?

መስከረም 30
የገበያ ቀን። አምሳል ከቁሐር መጣች፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ። ምን አቅለበለበኝ፣ ያችን መስመር አነበብሁላት። አብራኝ የምትናደድ መስሎኝ ነበር።

ብርጭቆዋን አስቀምጣ፣ «ልክ ነው። እኔን ነው የጻፈ» ብላ ተነሳች። ሻይዋን እንኳ አልጨረሰችም።

አፌን በቆረጠው።

ጥቅምት 3
መንገድ ዝግ ነው። አምሳል አልመጣችም። ስልክም አታነሳ።

ጥቅምት 9
መንገዱ ተከፈተ። ቂሟን ፍል ውሃ ይፍታው ብዬ ለምኜ ዋንዛዬ ወሰድኋት። እኔ ነጠላዬን ሳጣጥፍ እሷ ቀደመች። አንደኛው በር ላይ «በዚህ መግባት ክልክል ነው» የሚል ካርቶን ተለጥፏል። ቀና ብላ አየችው፣ ዞር አለችና በሌላው ገባች። ማንም አልነገራት።

ውሃው ውስጥ ሆነን፣ «አንች፣ ታነቢያለሽ» አልኋት።

«አልረሳሁም፣ ሰርክ። ተውሁት።»

ለምን? ውሃ በእፍኟ ቀድታ ፊቷ ላይ አፈሰሰች።

«ያኔ አንች አራስ ነበርሽ። ስብሰባ ተጠራ። ለውትድርና የሚሄዱት ስም ሊነበብ ነው። ‹የመሠረተ ትምህርት ፍሬ ታንብብልን› አሉና ወረቀቱን ሰጡኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል... ደስ ብሎኝ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርሁ። አዛናውን በራሴ አፍ ጠራሁት።»

አዛናው ታናሽ ወንድሟ ነው። ሄዶ አልተመለሰም። ለቅሶው ላይ ነበርሁ፤ ማን ስሙን እንደጠራው ግን የነገረኝ የለም።

«አንች ባታነቢው ሌላ ሰው ያነበው ነበር» አልሁ።

«አውቃለሁ። ያነበብሁት ግን እኔ ነኝ።»

አለቀስሁ። እሷ አላለቀሰችም። ጀርባዬን አሸችኝ።

ጥቅምት 14
መጽሐፉን ወደኋላ ገለጥሁ። መሠረተ ትምህርት አንድ ምዕራፍ፣ ውትድርና ሌላ ምዕራፍ። ለአምሳል ግን ሁለቱም ያው አንድ ወረቀት ናቸው። ይኸን የጻፈው ሰው ከየት ያውቀዋል? እኔ ጓደኛዋ እንኳ አላወቅሁ። በሱ መናደዱን ተውሁት።

ጥቅምት 21
አምሳል ሳልጠራት መጣች። ገና ሳትቀመጥ፣ «ያ መጽሐፍህ... የወሰዷቸውን ልጆች ስም ጽፏል?» አለችው ይልቃልን። ደንግጦ እኔን አየኝ። «ስም የለውም፣ እማማ። ቁጥር ብቻ ነው።»

«አሳዩኝ።»

ገልጬ ሰጠኋት። መነጽሬንም። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ቀስ... ቀስ... እንደ ጭቃ ላይ በሬ። ገጹን ጨረሰችው። ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቀች። የሰው ንብረት ነው ልላት ነበር፤ ይልቃል ራሱ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት።

ዳር ላይ ጻፈች። «አዛናው ባየህ። የአምሳል ወንድም።» ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፣ ያኔ ዳሱ ውስጥ እንደምታነበው። ይኸን ጊዜ አለቀሰች። እኛም እንድታለቅስ ተውናት።

ስትወጣ ይልቃል መጽሐፉን በሁለት እጁ ሰጣት። «የእርስዎ ነው» አላት። እንዴ፣ እኔ መቼ ጨረስሁት!

ህዳር 8
የሩዝ አጨዳው ሊያልቅ ነው። እነአምሳልን ላያቸው ቁሐር ሄድሁ። አምሳል ወረታ ድረስ መጥታ በባጃጅ ወሰደችኝ። መንገዱን ሙሉ ስታነብ! ሥጋ ቤቱን፣ መድኃኒት ቤቱን፣ የጭነት መኪናውን ጀርባ ሳይቀር። «እረፊ አንች፣ ራሴን አዞርሽው» አልኋት። ባጃጅ ነጂው ይስቃል።

መጽሐፌን ጠየቅኋት። «ቆይ፣ አልጨረስሁም» አለች። ደርግ ገና አልወደቀልኝም።

ነዶው ጥግ አረፍ እንዳልን ስልኳ ጮኸ። የኔነህ ጽፎላት ነው። ጎረቤትየው ከሩቅ አይቶ ማጭዱን ጥሎ መጣ፣ እንደ ልማዱ ሊያነብላት። እጇን አንስታ መለሰችው። ጀርባዋን ሰጠችን፣ ብዙ ቆየች፣ ብቻዋን ፈገግ አለች።

«ምን ይላል?» አልኋት።

ስልኩን ጉያዋ ከተተችው። «የእኔና የልጄ ነገር ነው» አለችኝ።