ለማነጻጸሪያ የሰጡት ደም

ዛሬ የምንሸኛቸው የቤተ ሙከራ ተመራማሪ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። አዋላጇ ልጃቸውን አራት ዓመት ሙሉ እንዳጠቡ በኩራት ይናገሩ ነበር። እኚሁ እናት በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው በደም ካንሰር ሲሞቱ ግን ሁለቱን ነገር ያገናኘ ሰው አልነበረም።

ተመራማሪዋ በ1971 ዓ.ም. በባዮሎጂ ተመርቀው ሥራ ያዙ። ከፋርማሲ ባለሙያው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው በ1977 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለዱ። እሷንም እስከ ሦስት ዓመቷ አጠቡ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት የደከሙበት ጥያቄ አንድ ነበር፦ በጡት ወተት የሚተላለፍና ቆይቶ በአንዳንዶች ላይ የደም ካንሰር የሚያመጣ አንድ ቫይረስ በሰው ሴል ውስጥ ዕድሜ ልኩን እንዴት ይኖራል? ለተማሪዎቻቸው «ዲኤንኤ ክር ነው፤ በማጠንጠኛው ላይ ተጠቅልሎ ክሮማቲን ይባላል። የቫይረሱ ፕሮቲን እዚያ ላይ እንደ መዥገር ተጣብቆ የቫይረሱን ክር በመሃሉ ይሰካል። ሴሉ ሊባዛ ክሩን ሲገለብጥ የሌባውን የቫይረሱን ክርም አብሮ ይገለብጥለታል» ይሉ ነበር። ውጤት ቶሎ ስለማያምኑ ባልደረቦቻቸው «እትዬ ድገሙት» አሏቸው።

ለማነጻጸሪያ ጤነኛ ደም ሲያስፈልግ የራሳቸውን ክንድ ይዘረጉ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ቫይረሱን በአረንጓዴ የሚያሳይ አዲስ ማቅለሚያ ሲሞክሩ፣ ምንም ሊታይበት የማይገባው የራሳቸው ደም ያለበት ስላይድ አረንጓዴ ነጥቦች አበራ። ረዳታቸው «ከሌላ ደም ጋር ተቀላቅሎ ነው፣ እትዬ» አለቻቸው። ደገሙት። በሦስተኛው ጓንታቸውን አወለቁና «እንግዲህ የኔ ነው» አሉ። ቀጥለውም «ልጄስ?» አሉ።

ልጃቸው ባሕር ማዶ ትማር ነበር። ሲደውሉላት «እማዬ፣ አንቺ ያወቅሽውን እኔ ማወቅ አልፈልግም» ብላ ስልኩን ዘጋችባቸው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በየመልእክታቸው ግርጌ «ተመረመርሽ?» እያሉ ይጽፉላታል፤ እሷ ስለ አየሩ ሁኔታ ትመልሳለች።

በ2015 ዓ.ም. የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ተመለሰች። እሳቸው ያኔ ቆዳቸው ቆስሎ፣ ንፍፊታቸው አብጦ ነበር፤ የያዛቸው የእናታቸው በሽታ መሆኑን ሐኪም ሳይነግራቸው ያውቁ ነበር። «እኔን ማስታመሙ ይቆይሽ፤ ክንድሽን ስጪኝ» አሏት። ፈራች፤ ሰጠች። በረዳታቸው ተደግፈው በጡረታ ወደተለዩት ቤተ ሙከራ ሄዱና ስላይዱን ራሳቸው አዩት። ነጥቦቹ ነበሩ። ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሳይታመሙ እንደሚኖሩ ለስንቱ ያስረዱ ሰው ለልጃቸው ሲሆን «አለብሽ» ብቻ አሏት።

ሕፃኗ በተወለደች ቀን ጡጦውን ራሳቸው አዘጋጅተው አቀበሉ። ልጃቸው ጡቷ ሞልቶ ስታለቅስ «ይደርቃል፣ አይዞሽ። እኔ ይህን አላወቅሁልሽም ነበር» አሏት።

በሽታው ጸንቶባቸው በየካቲት 2016 ዓ.ም. በ67 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና የስድስት ወር የልጅ ልጃቸውን ትተው ሄደዋል። ምርመራው ከዚያ በፊት ስለማይታመን፣ ሕፃኗ ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላት ትመረመራለች። ልጃቸው ያን ቀን ትፈራዋለች፤ ግን ይዛት ትሄዳለች።

ነፍሳቸውን ፈጣሪ በሰላም ያሳርፍልን፤ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣውም ከዚህች ሕፃን ደጅ ሳይገባ ይመለስ።