አያ ሸበቶ ምን አለ?

ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብርዱ ሲመጣ ያማታል፤ ቅባት ተቀቢ ስላት "አንተ ተቀባ" ትለኛለች። እኔ ያው ነኝ፤ ዓይኔ ደክሟል፣ አፌ ግን እንደምታውቂው ነው። አዘዞም እንዳለች አለች። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ውኃ ይሄዳል፣ አይመጣም። ጎረቤታችን እትዬ ሸዋአየሁ ላሟ ወልዳ እንገር አምጥታልን ነበር። እንገሩ ሸጋ ነበር፤ ከእንገሩ ጋር ያመጣችው ጥያቄ ግን አላለቀም። "ልጅሽ ምነው ጠፋች?" ትላለች እናትሽን፣ በየቀኑ።

በስልክ ላገኝሽ ሞክሬ ነበር። ባልሽ አንዱዓለም ያነሳውና "ደኅና ናት አባባ፣ ገበያ ወጥታለች" ይለኛል። ሰው ሁልጊዜ ገበያ ይውላል እንዴ? እኔም "እሺ ልጄ፣ ሰላም በልልኝ" ብዬ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ይኸው ብዕር አነሳሁ።

ደግሞ ምን የሚጻፍ ወሬ አለ ብለሽ ነው? ጡረታ የወጣ አስተማሪ ወሬው ቴሌቪዥን ነው። ልጅ ሳለሽ "ዝጊው፣ ጥናትሽን አጥኚ" እያልሁ ስጮህብሽ የነበርሁት ሰውዬ፣ አሁን ሪሞቱን ከእጄ የሚያስጥለኝ የለም። ዜናውን አያለሁ፤ ግማሹ ስብሰባ ነው፣ ግማሹ ስለ ስብሰባው የተሰጠ ማብራሪያ ነው። የቀልዱን ዝግጅትም አያለሁ፤ ቀልደኛው ቀልዱን ሳይጨርስ ራሱ ይስቃል፣ ከኋላ የተቀዳ ሳቅ ይለቁበታል፣ የማንስቅ እኔና እናትሽ ብቻ ነን። የጥያቄና መልሱ ውድድር ደኅና ነበር፤ እሱንም ማስታወቂያ በላው። አንድ ጥያቄ ይጠየቅና ቀለም ይመጣል፣ ሳሙና ይመጣል፣ ቢስኩት ይመጣል፤ መልሱ ሲመጣ እኔ ጥያቄውን ረስቼዋለሁ። የአገር ውስጡ ድራማ ደግሞ ሳሎን ተጀምሮ ሳሎን ያልቃል። ሶፋ፣ ስልክ፣ ጭቅጭቅ። ሁሉም ሀብታም ነው፤ ሲሠራ የታየ ግን የለም።

የውጭው ድራማ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አማርኛ አፍ የተለጠፈለት ነው። ሰውዬው አፉን ዘግቶ ንግግሩ ይቀጥላል። አባትየውም፣ ልጁም፣ ሐኪሙም ድምፃቸው አንድ ነው። ሲደነግጡ ደግሞ ሁሉም "ኦ፣ አምላኬ!" ይላሉ፤ እኔ በዕድሜዬ ጎንደር ውስጥ እንዲህ ብሎ የደነገጠ ሰው አላየሁም። ሌላው ከግርጌው የአማርኛ ጽሑፍ የሚሄድበት ነው። ይኼኛውን እመርጣለሁ፤ ሰዎቹ ቢያንስ በገዛ ድምፃቸው ያለቅሳሉ። ጽሑፉ ግን ያቃጥለኛል ልጄ! ጸሐፊውን ባገኘው ጠዳ፣ ሳስተምርበት ወደኖርሁት ትምህርት ቤት ወስጄ ሦስተኛ ክፍል አስቀምጠው ነበር። ባለፈው አንዲት ሙሽራ ተንበርክካ "ይቅር በለኝ" ስትል፣ እሱ "ይቀር በለኝ" ብሎ ጽፎ፣ ይቅርታ መጠየቋን ትቶ ሠርጉ የሚቀር አስመሰለው። ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ተነቦ ሳያልቅ ይጠፋል። ለማን ነው የሚቸኩሉት?

እናትሽ ከሁሉም አብልጣ የምትወደው እንዲህ ጽሑፍ ያለውን አንድ የቱርክ ድራማ ነው። ድራማው ማለቂያ የለውም፤ አንድ ሰው በር እስኪከፍት አንድ ምሽት ያልፋል። ሲያዝኑ ዝናብ ላይ ይቆማሉ። "ምነው፣ እነዚህ ሰዎች ጣራ የላቸውም?" ትላለች። ከነጫማቸው አልጋ ላይ ሲወጡማ እኔን ነው የምትቆጣኝ።

እሷ ማንበብ ስለማትችል የማነብላት እኔ ነኝ። ይህን ስጽፍልሽ እንኳ እፍረት ይዞኛል። የጠዳን ልጅ ሁሉ ፊደል ያስቆጠርሁ ሰው፣ የገዛ ሚስቴን "ሀ" በይ ብያት አላውቅም። ከዳባት አግብቻት የመጣሁ ሰሞን "እኔንም አስተምረኝ" ብላኝ ነበር። ክረምት ሲገባ አልኋት። ያ ክረምት ይኸው ገና አልገባም።

ማታ ማታ ከጎኔ ትቀመጥና "ምነው ዝም አልህ? አንብብ እንጂ!" ትለኛለች። እኔም ድምፄን እየለዋወጥሁ አነብላታለሁ፤ ለሴቷ ቀጠን፣ ለሽማግሌው ወፈር። የሰዎቹ ስም ለአፏ አልመች ስላላት የራሷን ስም አውጥታላቸዋለች። የምትደበደበው ሴት "ምስኪኗ" ናት፤ ባሏ "ደም መጣጭ" ነው፤ አባቷ ደግሞ ፀጉሩ ነጭ በነጭ ስለሆነ "አያ ሸበቶ"። አያ ሸበቶን ትወደዋለች። ብቅ ሲል "ይኸው መጣ! ምን አለ? አያ ሸበቶ ምን አለ?" እያለች ክንዴን ትነቀንቀኛለች። ደም መጣጩ እጁን ሲያነሳ እኔ ብድግ እላለሁ። "አንተ ወራዳ! ሴት መትተህ ወንድ ነኝ ልትል ነው?" እያልሁ ስጮህ እትዬ ሸዋአየሁ በአጥሩ በኩል "ምን ሆናችሁ?" ትላለች። እንዲህ ያለ ጀግና ነኝ፣ ቴሌቪዥን ፊት።

ወደ ነገሩ ልምጣ። ዙሪያውን ስዞር ቆየሁ፤ አንቺም ሳታውቂው አልቀረሽም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ ምስኪኗ ከባሏ ቤት ወጥታ፣ ሻንጣ አንጠልጥላ የአባቷን በር ስታንኳኳ አየን። ፊቷ አብጧል። እናትሽ እጄን ጨብጣ ያዘችኝ። አያ ሸበቶ በሩን ከፈተ፤ አያት፤ ሻንጣውን ተቀበላት፤ አቀፋት። ከግርጌው ጽሑፉ መጣ። ያን ዕለት አንድም ፊደል አልተሳሳተም። "ግቢ ልጄ። ይህ ቤት ያንቺ ነው። ከእንግዲህ ማንም አይነካሽም" ይላል። እናትሽ "ምን አለ? አያ ሸበቶ ምን አለ?" አለችኝ። እኔም ድምፄን ወፈር አድርጌ "ቤትሽ የባልሽ ቤት ነው፤ ጠዋት እመልስሻለሁ አላት" ብዬ አነበብሁላት።

እናትሽ ቴሌቪዥኑን አየች፤ እኔን አየች። አያ ሸበቶ እያለቀሰ የልጁን ፀጉር ይዳብሳል። "ምነው ታዲያ ያቅፋታል?" አለችኝ። "ሲሰናበታት ነው" አልኋት። "ገና አሁን ገብታ?" አለች። "በነሱ አገር እንዲያ ነው" አልኋት። ወይ ጉድ! ቱርክን የሚያህል አገር ቁጭ ብዬ አዋረድሁት።

በማግሥቱ ባሰ። ምስኪኗ አልተመለሰችማ! አባቷ ቤት ቁርስ ትበላለች። ምነው አልሄደችም ስትለኝ፣ መኪና አጥታ ነው አልኋት። በሌላው ቀን ግቢ ውስጥ አበባ ታጠጣለች። መንገድ ተዘግቶ ነው አልኋት፤ ይኼን እንኳ ያመነችኝ መሰለኝ፣ መንገድ መዘጋት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚያ ደም መጣጩ ራሱ መጣ። አያ ሸበቶ በሩ ላይ ቆሞ፣ በደረቱ ገፍቶ መለሰው። እኔ "ነገ ና፤ ዛሬ ዕቃዋን አላሰናዳችም አለው" ብዬ አነበብሁ። ልጄ፣ ላብ በላብ ሆንሁ። በስተርጅናዬ ድራማ ደራሲ ሆንሁልሽ፤ ያውም መናኛ ደራሲ።

ከዚያ በኋላ እናትሽ "ምን አለ" ማለት ተወች። ላነብላት ጉሮሮዬን ስጠርግ "ዛሬስ ተወው፤ ምስሉ ይበቃኛል" አለችኝ። ሳላነብ ምስሉን አየን። ሲያልቅ፣ ወደኔ ሳትዞር፣ "ልጄ የመጣች ዕለት አንተም እንዲህ አቅፈሃት ነበር?" አለችኝ።

አዎ አልኋት።

አንቺ እዚያው ነበርሽና እውነቱን ታውቂዋለሽ። እናትሽ ለእህቷ ሐዘን ዳባት ሄዳ ነበር። ኅዳር ነው። ይኸው ድራማ ገና መጀመሩ ነበር። በሩን ከፈትሁልሽና ተመልሼ ቁጭ አልሁ። ነጠላሽን እስከ ዓይንሽ ተሸፋፍነሽ ነበር። ገልጬ ማየት ነበረብኝ፤ አልገለጥሁም። "ቁጭ በይ፤ ይኼ ይለቅና እናወራለን" አልሁሽ። ትዝ ይልሻል? የማትረሺው ነገር ነው። የገዛ ልጄ እዚያ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ የሰው አገር ሴት ስትገፋ እያየሁ እንባዬን እጠርግ ነበር።

ከዚያ የነገርሽኝን ሁሉ ሰማሁ። አልሰማሁም ብዬ አላመካኝም። ጎንሽን ይዘሽ እየተናገርሽ ሳለ እኔ የማስበው ስለ ሰው ነበር፤ "መምህር የልጁን ትዳር በተነ፣ ፈት ልጁን አስቀመጠ" ይሉኛል ብዬ። አንዱዓለምን የመረጥሁልሽ እኔ ነኝ። አንቺ "አባዬ፣ ልቤ አልወደደውም" ስትዪኝ፣ ሰሊጥ ነጋዴ ነው፣ የጨዋ ልጅ ነው፣ ልብ በኋላ ይለምዳል ብዬ የዳርሁሽም እኔ ነኝ። ለአንቺ ከመፍራት ይልቅ ለስሜ ፈራሁ። በጠዋት መናኸሪያ ወስጄ ወደ ባልሽ አገር ወደ ሳንጃ መልሼ አሳፈርሁሽ፤ የማለዳውን መኪና የመረጥሁት እትዬ ሸዋአየሁ ፊትሽን እንዳታይ ነው። ለሳንጃው ሹፌር "አደራ፣ ቤቷ ድረስ" አልሁት። ቤቷ! አንቺ ወደኔ አልዞርሽም፤ መስኮቱን ዘጋሽው።

እናትሽ ከዳባት ስትመለስ ደግሞ "ልጅሽ ለጥየቃ መጥታ ነበር፤ ቤቷ ናፍቋት ራሷ ቸኩላ ሄደች" አልኋት። እስከ ዛሬ የነገርኋት ይህን ብቻ ነው፤ ከዚያ ጥያቄዋ ወዲህ ግን እንደዋሸኋት ጠርጥራለች። ጥላኝ አልሄደችም፣ አልጮኸችም፤ ግን አብረን ስንበላ ዓይኗን ከእጄ ላይ አትነቅልም። እኔም እጄን የት እንደማደርገው ጨነቀኝ።

ትናንት "ሳንጃ እሄዳለሁ፤ ልጄን በዓይኔ ልያት" አለችኝ። ጉልበትሽስ ብላት፣ መንገዱስ ብላት፣ አልሰማችኝም። ጨርቅ ነጋዴዋ ወይዘሮ ሐዲጃ ወንድሟን ዐብዱልከሪምን ልትጠይቅ ስለምትሄድ አብረው ይነሳሉ። የሚያርፉትም ዐብዱልከሪም ቤት ነው፤ አንቺንም ወደዚያ ያስጠሩሻል። ይህን ደብዳቤ እናትሽ ትሰጥሻለች፤ እዚያው አንብቢው። ባልሽ ቤት ይዘሽው አትግቢ።

እንግዲህ የምልሽን ስሚኝ። ወደዚያ ቤት አትመለሺ። ልብስሽም ይቅር፣ ዕቃሽም ይቅር። ከእነ ወይዘሮ ሐዲጃ ጋር ተሳፍረሽ ነይ። በጠራራ ፀሐይ ነይ፤ አትሸፋፈኚ። እትዬ ሸዋአየሁም ትይሽ፣ አዘዞም ይይሽ። ማፈር የሚገባው ሰው ቢኖር እኔ ነኝ፤ አፍሬያለሁም። አንዱዓለም ተከትሎሽ ከመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። ደረቴ የአያ ሸበቶን ያህል አይሰፋም፤ በሩን ግን ይሞላል። ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ እሱን ለአንቺ ትቼዋለሁ።

እናትሽ አሁን ዕቃዋን እየቋጠረች ነው። ስጽፍ አየችኝና "ምን ብለህ እየጻፍህላት ነው?" አለችኝ። ልነግራት አስቤ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ግን "ሰላምታ ነው፤ ስለ ቴሌቪዥኑም ጥቂት" አልኋት። አየሽኝ? አሁንም!

ስታነቢው ከጎንሽ ተቀምጣ "ምን አለ? አባትሽ ምን አለ?" ማለቷ አይቀርም። ከላይ ጀምረሽ፣ እንደተጻፈው አንብቢላት። ለእኔ አዝነሽ አንዲት ቃል አትዝለዪ፤ አታለሳልሺው። ሰምታ ፊቱን አላይም ካለች አታግባቢያት። ቤቱ የሁለታችሁ ነው፤ የምወጣው እኔ ነኝ፣ ጠዳ አንድ ክፍል አላጣም። ብቻ በእኔ ድምፅ ሊነገራት የሚገባው በአንቺ ድምፅ ይድረሳት።

እመቤታችን ከሁለታችሁ አትለይ። መንገዱን ክፍት፣ እግራችሁን ቀና ታድርገው። ያደግሽበትን ደጅ በሰላም ታስረግጥሽ፤ አሜን።

በሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቅሽ
አባትሽ