በእጅ የሚዞረው ሌንስ

ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለው? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። ፊደሌ ቢገዝፍና ቢንጋደድ አትሳቅብኝ፤ በሃምሳ ዓመት ዕድሜ የተቆጠረ ፊደል ከዚህ በላይ አይቀናም።

ወንድሜ፣ ሁሉ ነገር አንገሽግሾኛል። የካሜራችን ሌንስ ወድቆ ተሰነጠቀ። የሰፈራችንን ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ካላነሳን ደግሞ ፎቶ ቤቱን መዝጋታችን ነበር። በእጃችን የነበረው ገንዘብ ወይ አንድ ርካሽ አዲስ፣ ወይ አንድ ደህና አሮጌ ሌንስ ቢገዛ ነበር። ልጄ «እማዬ፣ አዲሱን ግዢ፤ ምስሉን ራሱ ያጠራልሻል» አለችኝ። ድንቄም! ሠላሳ ዓመት የሌንሱን ቀለበት በጣቴ እያዞርኩ የሰው ፊት ያጠራሁ ሴትዮ ለፕላስቲክ ልገዛ? ኩም አደረግኋት።

ቅባቱ የምንለው አሮጌ ዕቃ ሻጭ አንዱን አውጥቶ እትፍ አለበትና በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው። ምንም አላየሁበትም፤ ልጄ ግን ወደ ብርሃን አንስታ «ውስጡ ሻጋታ አድርቶበታል» አለች። «እናቴ፣ ፎቶ ላይ እኮ አይታይም» ይለኛል፣ እያገጠጠ! «የአንተም ነውር የማይታይ መስሎሃል» ብዬው ወጣሁ።

በኋላ ሥራ ካቆመች ፎቶ አንሺ ንጹሕ የብረት ሌንስ ገዛን። ቅዳሜ አርባ ሁለቱንም ተመራቂዎች አነሳኋቸው። ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ በትነው «እትዬ፣ ጭጋግ ውስጥ ነው እንዴ ያነሷቸው?» አሉኝ። ሌንሱን ረገምኩት። ልጄ በዚያው ሌንስ አንዱን ተመራቂ ደግማ ብታነሳው ሽፋሽፍቱ ይቆጠራል። ሌንሱ ምን ያድርግ? የደፈረሰው የእኔ ዓይን ኖሯል።

አሁን ሁሉንም እንደገና እያነሳቻቸው ነው። ቀለበቱን እሷ ታዞራለች፣ እኔ ኮሌታ አቃናለሁ። «እማዬ፣ አገጩን ቀና አድርጊልኝ» ስትለኝ አጥንቴ ድረስ ይመረኛል። የገዛ ራሴን ጠላሁት።

ስትሄድ ያነሳሁህ ፎቶ ግድግዳው ላይ አለ። «ፀሐይ ላይ ሰቅለሽ አደበዘዝሽው» እያልኩ ልጄን ሁለት ዓመት ወቅሻታለሁ። ትናንት ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ጠርቼ ደብዝዟል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «ኧረ እትዬ፣ የሸሚዙ ቁልፍ ክር ሳይቀር ይታያል» አለችኝ።

ባለፈው ደብዳቤህ አዲስ ሌንስ ልላክልሽ ያልከውን ተወው። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ትልቁን ልጅህን ጉንጩን፣ ትንሿን ግንባሯን ሳምልኝ። ልጄ እጅ ትነሳለች፤ ይቅርታ ገና አልጠየቅኳትም። መልስ ስትጽፍልኝ ፊደሉን ጎላ አድርገው።

እህትህ
ከፎቶ ቤቱ የኋላ ክፍል፣ ሐሙስ፣ ሰኔ 7 ቀን