ለኤርምያስ ዋስ እንዳትሆን

ለውድ ወንድሜ ለፈቃዱ፣

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? የእማዬ ጉልበትስ ክረምቱን እንዴት ተወጣው? ትንሿን ልድያን ያ ሳል ለቀቃት? እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለቴ ነው፣ ታድሷል፤ ሥራዬም ያው የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ወጥቼ ዑለያ ሰፈር አውቶቡስ ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የአጎታችን ልጅ ኤርምያስ! ሪያድ ከመጣሁ አንድ ቀን እንኳ ደውሎ የማያውቅ ሰው "ተዋቡዬ፣ እህቴ" ብሎ ጀመረ። ድምፁን ስሰማ ያ ቀን ፊቴ ላይ ድቅን አለ። የእንጨት መላጊያ ማሽን ልትገዛ እሱ ወደሚሠራበት ባንክ ሄደህ ብድር የጠየቅክበት ቀን። ወረፋ በያዘው ሕዝብ ፊት "መያዣ ሳይኖርህ ምን ልትሠራ መጣህ? ይኼ የተዝካር ቤት መሰለህ?" ብሎ በጥበቃ አስወጣህ። እኔ የላክሁት ገንዘብ እዚያው ባንክ ተቀምጦ ባለ ፎቆቹ ይበደሩታል፣ አንተ ግን እንደ ሌባ ተገፍተህ ወጣህ። እማዬ ይህን ስትነግረኝ ያለቀሰችው ልቅሶ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ለካ እሱም ከባንኩ ወጥቷል። ወፍጮ ቤት ልክፈት ብሎ ብድር ቢጠይቅ የገዛ ባንኩ "መያዣ አምጣ" አለው። የሚኖርበት ቤት ደግሞ በአማቱ ስም ነው። አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ። ይኼኔ ነው ፊቱን ወደ እኛ የቁጠባና ብድር ማኅበር ያዞረው፤ ድሮ "የአሮጊቶች ዕቁብ" እያለ ወደሚያላግጥበት። አንተ ከዚያ ተበድረህ ማሽንህን ስትተክል አይቷላ!

"አንቺ ጤና ጣቢያ ከነበርሽበት ጊዜ ጀምሮ አባል ነሽ፤ አንድ ቃል ብትናገሪልኝ ያልቃል" አለኝ። ቸኩዬ ብሰድበው ይቀልለት ነበር፤ ረጋ ብዬ አስረዳሁት። ባንክ ባለቤቱ ሌላ ነው፣ አንተ ደንበኛ ነህ፤ ማኅበሩ ግን የቆጣቢዎቹ ነው አልኩት። ብዙ የቆጠበም ጥቂት የቆጠበም ድምፁ አንድ ስለሆነ የእኔ ቃል ከቲማቲም ሻጯ ቃል አይበልጥም። ትርፉም ለአባላቱ ይከፋፈላል። እርግጥ ብድሩ እንደ ባንክ ትልቅ አይደለም፣ የገንዘብ ማውጫ ካርድም የለውም፣ እኔም ከዚህ የምልከው ዛሬም በባንክ ነው፤ በአንተ ባንክ ግን አይደለም፣ እዚያ የነበረኝን ሂሳብ ዘግቼዋለሁ አልኩት። ማኅበሩ መጀመሪያ አባል ሆነህ ቆጥብ ይልሃል፤ ብድር ስትጠይቅ ደግሞ ቤትና መኪና ሳይሆን የሚያውቁህ ሁለት አባላት ዋስ ይሁኑህ ይላል።

"ዋስማ እናንተ አላችሁ አይደል? ከእናንተ በላይ ማን ያውቀኛል?" አለኝ።

"ልክ ነህ ኤርምያስ" አልኩት፣ "ከእኛ በላይ የሚያውቅህ የለም። ዋስ የማንሆንህም ለዚሁ ነው። ኸላስ፣ አበቃ!" ገና "እህቴ..." እያለ ስልኩን ዘጋሁት። ወንድምዓለም፣ የዚያን ሌሊት እንዴት ያለ እንቅልፍ ተኛሁ መሰለህ!

አሁን ሽማግሌ መላኩ አይቀርም። አንተ ደግሞ ሆደ ቡቡ ነህ፤ "የሥጋ ነገር ነው" ሲሉህ እንዳትለሳለስ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም በላቸው። ብድሩን ይከፍል ይሆናል፤ እኔ የፈራሁት እሱን አይደለም። የምፈልገው ሌላ ነው። ማኅበሩ አዲስ አባል የሚቀበለው በጠቅላላ ጉባኤ ፊት የሚመሰክርለት አባል ሲገኝ ነው። ያን ቀን ኤርምያስ ከባንኩ በር የመለሳቸው ሰዎች ሁሉ ይቀመጣሉ። "ለዚህ ሰው ማን ይመሰክርለታል?" ተብሎ ሲጠየቅ አንድም እጅ ሳይነሳ ዙሪያውን ሲያይ እንድታይልኝ ነው። የላክሁልህን ኮት ለብሰህ ከፊት ወንበር ተቀመጥ። ዓይንህን ከዓይኑ እንዳትነቅል።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ልድያን አደራ፣ ማር በሎሚ ትጠጣ። ሮቤልን ጉንጩን ሳመው፤ ጫማውን በሰው እልካለሁ። ስለ እኔ የሚጠይቁህን ሁሉ ሰላም በልልኝ፤ ለኤርምያስ ግን ሰላምታ የለኝም።

እህትህ ተዋበች
ሪያድ፣ ሱወይዲ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.