አንቀጽ አራት

ሰኞ

ተበተነ። ስለ ጦርነቱ የምናወጣው የጋራ አቋም ረቂቅ ዛሬ ጠዋት ለሁሉም አባል አገሮች ኤምባሲ ደርሷል። የአገሮች ማኅበራችን ደንብ ቀላል ነው፤ እስከ ዓርብ ቀትር ያልተቃወመ እንደተስማማ ይቆጠራል። አንድ አገር ከተቃወመ ግን የጋራ አቋም የሚባል ነገር የለም። ሥራዬ እንግዲህ ሁሉም ዝም እንዲሉ መጸለይ ነው።

አንቀጽ አራት ተዋጊዎቹ ወገኖች አየር ማረፊያውን ለሲቪሎች እንዲከፍቱ ይጠይቃል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። አየር ማረፊያው ባለበት፣ ጦርነቱ በገባበት ከተማ ውስጥ እህቴ ሰናይት አለች። ከጎረቤታችን ከእትዬ ብርቄ ልጅ ከሂሩት ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ፀጉር ቤት ይሠራሉ። ለአለቃዬ አልነገርኳቸውም።

ማክሰኞ

ከኤምባሲዎቹ ድምፅ የለም። ጥሩ ነው። ከሰናይትም ድምፅ የለም።

እማዬ ሾላ ገበያ ሽንኩርት ልትገዛ ሄዳ ወሬ ነዝታ ተመለሰች። ለሰፈሩ የአንድ ለአምስት ቡድኗ ሴቶች በሙሉ «ልጄ አየር ማረፊያውን ሊያስከፍት ነው» ብላ አውርታለች። እትዬ ብርቄ አጥሩ ጋ ጠብቀውኝ «ዳዊትዬ፣ ሂሩቴን አደራ» አሉኝ። እኔ እኮ ወረቀት ነው የምጽፈው አልኳቸው። አልሰሙኝም።

ረቡዕ

ስልኩ ጮኸ። ለአንደኛው ተዋጊ ወገን መሣሪያ ይሰጣል የሚባለው አባል አገር አንቀጽ አራት ይውጣ ብሏል፤ አለበለዚያ ዓርብ ሙሉውን ይቃወማል። አለቃዬ ወይዘሮ አስቴር ንቅንቅ አላሉም። «እስከ ዓርብ እንያዘው። ሌሎቹ አምባሳደሮች ይጫኗቸዋል፤ ብቻቸውን መቅረት አይወዱም» አሉ። እሳቸው ይህን ሥራ ያውቁታል። አመንኳቸው።

ከሰዓት ሰናይት ደወለች። «ውኃ የለም። ከኛ ቀጥሎ ያለው ቤት ተመታ» እንዳለች ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ሐሙስ

ያበድኩ ይመስለኛል። አንቀጽ አራትን እንቢ ያለው አገር አምባሳደር ጠዋት ጠዋት እንጦጦ ላይ በእግራቸው እንደሚሄዱ ሰምቼ ስለነበር ማርያም ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ጠበቅኳቸው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መኪናቸው ቀስ እያለ ከኋላ ይከተላል። ስለ ሰናይት ነገርኳቸው።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ዜጎቻቸውን ከዚያ ከተማ የሚያወጣ አውቶቡስ ነገ ወደ ድንበር እንደሚነሳ፣ አንድ ወንበርም እንደማይጠፋ ነገሩኝ፤ ስሟን ጠየቁኝ። በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ አንቀጽ አራት የሌለበት ረቂቅ ዛሬውኑ ቢደርሳቸው ደስ እንደሚላቸው ጨመሩ። ሁለት ወንበር አልጠየቅኩም። አንዱንም እንዳያስቀሩብኝ ፈራሁ።

ለወይዘሮ አስቴር «ዓርብን አይጠብቁም፤ ዛሬውኑ ሊቃወሙ ነው» ብዬ ዋሸኋቸው። «እንግዲያው አውጣው፤ ሙሉውን ከምናጣ» አሉ። አወጣሁት። አዲሱን ረቂቅ በተንኩ። ለሰናይት አውቶቡሱ የሚነሳበትን ቦታ ጽፌ ላክሁላት።

ዓርብ

ቀትር አለፈ። ማንም አልተቃወመም። የጋራ አቋም አለን፤ ሁኔታው በእጅጉ ያሳስበናል ይላል። ቢሮው እንኳን ደስ ያላችሁ ተባባለ።

በኋላ የሌላ አባል አገር አምባሳደር ደወሉ። ለአንቀጽ አራት ዛሬ ጠዋት ሊሟገቱ ከሌሎች ሁለት ጋር ተነጋግረው ነበር፤ ለምን ቸኮላችሁ አሉ። ወይዘሮ አስቴር ስልኩን ዘግተው አዩኝ። ምሳዬን አልበላሁም።

ቅዳሜ

ሰናይት ድንበሩን ተሻገረች! ድምፅዋን ስሰማ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሂሩት አውቶቡሱ ድረስ ሸኝታታለች። «ዳዊት አየር ማረፊያውን ያስከፍተዋል፣ አይዞሽ አልኳት» አለችኝ ሰናይት።

እትዬ ብርቄ የእማዬን እልልታ ሰምተው መጡ። ተቃቅፈው አለቀሱ። ደስታቸው የእውነት ነበር፤ ቅናት የሚባል ነገር ፊታቸው ላይ ፈልጌ አጣሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የእኔዋስ መቼ ነው?»

«በቅርቡ» አልኳቸው።

ግንባሬን ሳሙኝ። ነገ እንጦጦ ራጉኤል ወጥተው ስለ እኔ ስለት ሊሳሉ ነው፤ አብረኸኝ ካልሄድክ ብለዋል። ምን ብዬ እንደምቀር አላውቅም።