የሹሩባ ፈቃድ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
ከጠዋት ጀምሮ ሹሩባ ስሠራ ዋልኩ። የመጨረሻዋ ሙሽራ ነበረች። ወገቤ ተቆረጠ። እሷ ደስ ብሏት ሄደች፣ እኔ ደስ ብሎኝ ተዘረርኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ተቆጣጣሪ መጣ። ልጅ እግር፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ። «የሙያ ፈቃድዎን ያሳዩኝ» አለ። የምን ፈቃድ? ሹሩባ ከእናቴ የተማርኩት ነው... «ሳይፈተኑ መሥራት ቀርቷል። እስከ ወሩ መጨረሻ ካላወጡ ቤቱ ይታሸጋል» ብሎኝ እብስ። ይታሸጋል? ታዲያ በምን ልኖር ነው?
ለካ አማቴ ከጓዳ ሲሰሙ ኖሯል። «ፈታኙ ገበያ ነው! ባትችዪ ኖሮ ማን ጭንቅላቱን ይሰጥሽ ነበር?» አሉ። ልጃቸውን ካገባሁ ወዲህ በአንድ ነገር ስንስማማ ገና ዛሬ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
ተመዘገብኩ። ምን ላድርግ... ሹሩባ የሚሠራለት ሰው ይዘሽ ነይ ተባልኩ። ደንበኞቼ ሥራ አለባቸው። አማቴ፣ «እኔ ምን ጎደለኝ?» አሉ። እውነትም ምን ጎደላቸው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
ወደቅሁ።
መስመሩ ቀጥ ብሎልኝ ነበር። አማቴም በመስታወቱ ራሳቸውን እያዩ ይኩነሰነሳሉ። ታዲያ ፀጉሩን ለመክፈል ሁለቱንም እጄን ስፈልግ ማበጠሪያዬን የት ብሰካው ጥሩ ነው? የራሴው ፀጉር ውስጥ። ዕድሜ ልኬን የምሰካው እዚያ ነው! ፈታኟ፣ «ከእርስዎ ራስ ወደ ደንበኛ ራስ... ንጽሕና ዜሮ» አለች። አማቴ ብድግ ብለው፣ «እኔ ቅር ካላለኝ አንቺን ምን አገባሽ?» ሲሏት ጎትቼ አወጣኋቸው።
 መንገድ ላይ ግን፣ «ለመሆኑ አንቺ ፀጉርሽን ከታጠብሽ ስንት ቀንሽ ነው?» አሉኝ።  ሳቄን እየታገልኩ እርምጃዬን አፈጠንኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16
ሽርጤ ላይ የማበጠሪያ ኪስ ሰፋሁ። በአማቴ ፀጉር ስለማመድ ዋልኩ። እጄ ወደ ራሴ በሄደ ቁጥር ቸብ ያደርጉኛል። ፈታኙ ገበያ ነው ያሉት ሴትዮ ከተቆጣጣሪው ባሱ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25
አለፍኩ! አማቴ ፈታኟን አገላብጠው ሳሟት። እኔም በሳምኳት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12
ማዶ አንዲት ልጅ ወንበር አውጥታ ሹሩባ ትሠራለች። በግማሽ ዋጋ! ፈቃድ የላትም። ሙሽራ ሆና የመጣችልኝ ልጅ ሳትቀር እዚያ ተቀምጣለች። ንድድ አልኩ። «ይሄ አገር ተቆጣጣሪ የለውም እንዴ?» አልኩ ጮክ ብዬ። አማቴ ቀና ብለው አዩኝና ግድግዳ ላይ የሰቀልኩትን ፈቃድ በአገጫቸው አመለከቱኝ። ከሚናገሩኝ ይልቅ አስተያየታቸው ባሰኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13
ተቆጣጣሪው በጠዋት መጣ፣ ልጅቷ ገና ወንበሯን ሳታወጣ። ግድግዳዬ ላይ ፈቃዱን አይቶ ፈገግ አለ። «በዚህ ሰፈር ሳይፈተን የሚሠራ ያውቃሉ?» አለኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። «የማውቀው የለም» አልኩ። እንዴት እንዳልኩት እንጃ።
እሱ እንደሄደ ጠብቄያት ተሻገርኩ። ስታየኝ ልትጣላኝ መጣች ብላ ደነገጠች። ስለ ፈተናው ነገርኳት። ሰኞ አብሬሽ ሄጄ አስመዘግብሻለሁ አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ምስኪን።
አማቴ፣ «ደግ ልብ አለሽ» አሉኝ ማታ። ደግነት ነው እንዴ? እንጃ... ፈቃድ ስታወጣ ክፍያውና ግብሩ ስለሚመጣባት በግማሽ ዋጋ መሥራቷን ትተዋለች።